ለከዲጋ የተላከው ሰላምታ

አሰብ ውስጥ፣ ካምፖ ሱዳን የሚባለው ሰፈር ዳር፣ ዶክተር ሣህሉ በከፈቷት ትንሽ የቀዶ ሕክምና ክሊኒክ ጠዋት የገባ በሽተኛ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አልጋ ይዞ መክረም የሚባል ነገር የለም። ጆንያ ሲሸከም ቡአ የወረደበት የወደብ ወዛደር፣ መንጠቆ መዳፉ ውስጥ የተሰነቀረበት ዓሣ አጥማጅ፣ ጀርባው ላይ እብጠት ያወጣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ሁሉም ሙቀቱ ሳይበረታ ይቀደዳል፣ ይሰፋል፣ ጣራው ላይ በሚሽከረከረው ቬንቲሌተር ሥር ትንሽ ይጋደማል፣ ከዚያ በዘመድ ትከሻ ተደግፎ ይወጣል። «እኛ እንደ ልብስ ሰፊ ነን፤ ደንበኛው ቁጭ ብሎ ጠብቆ ይወስዳል» ይሉ ነበር ዶክተሩ። በቀልዱ የሚስቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በሽተኛው ወደ ውስጥ ሲገባ ዘመዱ ቬራንዳው ላይ ይቀራል። ቬራንዳው ደግሞ የትሩፋት ነበር። ትሩፋት የባቲ ልጅ ናት። በደርግ ጊዜ ጤና ረዳት ሆና አሰብ ተመደበች፤ መንግሥት ተለውጦ ባልንጀሮቿ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ እሷ ባሕሩን ለምዳው ቀረች። የሥራ ድርሻዋ ቁስል ማጠብና ስፌት መፍታት ነው፤ ከተማው የሚያውቃት ግን ወሬ አውጪ በመሆኗ ነበር። ከውስጥ ብቅ ስትል ቬራንዳው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ፊቷን ያያል። እሷም ታውቅበታለች። ሥራው ደህና ያለቀ እንደሆነ ገና በሩ ላይ ሆና «በሉ ተነሡ፣ ሾርባ ሥሩለት!» ትላለች። በሽተኛው ሲጮህ የተሰማ እንደሆነ ደግሞ «ከናንተ ጎረምሳ ትናንት የሰፋናት ሕፃን ትሻላለች» ብላ ታስቃቸዋለች።

መጥፎ ወሬ ግን እንደወረደ አይነገርም። ይህ ማንም ያስተማራት ሳይሆን ከቤቷ ይዛው የመጣችው ነገር ነው። አባቷ የሞቱ ጊዜ ደሴ ትማር ነበር። «አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል፣ ነይ» ተብላ ተጠራች። መኪናው ውስጥ ሳለች ነገሩ ገብቷታል፤ ቢሆንም ማንም አፍ አውጥቶ አልነገራትም። እህል ቀምሳ፣ አድራ፣ ማለዳ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሁለት ትልልቅ ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋት ነው መርዶው የተነገራት። ለሰው እንዲህ ነው እንጂ! ባዶ ሆዱን፣ ብቻውን በቆመበት፣ «ሞቷል» ይባላል እንዴ? እናም ቬራንዳው ላይ ክፉ ነገር ማውጣት ሲኖርባት «ትንሽ ደከም ብሏል፤ ቤተሰብ ቢመጣ ጥሩ ነው» ትላለች። ይህን የሰማ የወሎ ሰውም የጎንደር ሰውም ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጥያቄ አይጨምርም። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ሄዶ ሽማግሌ ይዞ ይመለሳል።

ችግሩ ቬራንዳው ላይ የሚቀመጠው ደገኛ ብቻ አለመሆኑ ነው።

አፋር በወሬ አይቀልድም። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተገናኙ ጥላ ፈልገው ቁጭ ይሉና ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ የት ዘነበ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን «አየሁ»፣ ከሰው የሰማውን «ሰማሁ» ብሎ ይለያል፤ ሰሚው ደግሞ እንደተቀበለው አድርጎ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ውሃው በሚርቅበት አገር ውሸት ሰው ያስጨርሳል። ስለዚህ በዳጉ የዋሸን ሰው ከዚያ ወዲያ የሚያምነው የለም፣ አብሮት የሚቀመጥም አይገኝም። ትሩፋት ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ያን ያህል ዘመን አብራቸው ኖራ እንዴት አታውቅ? ማወቅና በሰዓቱ ትዝ ማለት ግን ለየቅል ነው።

በሰማንያ ስምንት ዓ.ም.፣ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ በሚጀምርበት ወር፣ ጋአስ የሚባል አፋር በይሉል ከተባለች የባሕር ዳር መንደር መጣ። መረብ ሲጎትት ቡአ ወርዶበታል። ያመጣው ዑበይዳ ነው። ዑበይዳ በበይሉልና በአሰብ መካከል በጀልባ ዓሣና ዕቃ የሚያመላልስ ሽበታም ሰው ነበር፤ ጋአስም አብሮት ይሠራል። ከዓሣው ጋር ወሬ ያመላልሳሉ፤ በዚያ ባሕር ዳር «ዑበይዳ ነው ያለው» ከተባለ ሰው ሌላ ምስክር አይጠይቅም ነበር።

ጋአስ ወገቡ ላይ የማደንዘዣ መርፌ ተወጋ። ትሩፋት ትከሻውን ይዛዋለች። ጥቂት እንደቆየ ከንፈሩ ጠቆረ፣ ትንፋሹ እያጠረ መጣ፣ ቆመ። ዶክተር ሣህሉ ደረቱን ተጫኑ፣ አየር ሰጡ፣ መድኃኒት ወጉ፣ እንደገና ደረቱን ተጫኑ። ላባቸው በሰውዬው ሆድ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ከሰው የሚጠበቀውን ሁሉ አደረጉ፤ አንዳንድ ገላ ያን መርፌ አይችለውም፣ አስቀድሞ የሚያውቅም የለም። በመጨረሻ እጃቸውን አወረዱና ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«አለቀ፣ ትሩፋት» አሉ።

በዚሁ ጊዜ የቬራንዳው በር ተንኳኳ። ትሩፋት እጇን እንኳ ሳትታጠብ ወጣች። ዑበይዳ ሽርጡን ጠበቅ እያደረገ ቆሟል።

«ሐኪም፣ ጀልባው ተጭኗል» አላት። «አሁን ካልወጣሁ ባሕሩ አያስወጣኝም። እናቱ ከዲጋ ውሃው ዳር ቁጭ ብላ ነው የምትጠብቀው። ምን ወሬ ልውሰድላት?»

ትሩፋት ሽማግሌውን አየችው። ብቻውን ነው። ገና ቁርስ እንኳ የቀመሰ አይመስልም። አሁን ብትነግረው ያን ሁሉ ባሕር ብቻውን፣ ሬሳ በልቡ ይዞ እንዴት ይሻገራል? ያቺ እናትስ ውሃ ዳር እንደቆመች ከጀልባ ላይ ይጮህባት? በቤቷ እንደሚደረገው አደረገች።

«ደህና ነው፣ አባቴ። ትንሽ ደከም ብሏል። እናቱ ብትመጣ ግን ጥሩ ነው።»

የደሴ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ይገባው ነበር። ዑበይዳ ግን ቁጭ አለ። ቁጭ ያለው ወሬውን በሥርዓቱ ሊቀበል ነው።

«በዓይንሽ አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

«ተናገረ?»

እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ! ዝም ብትል፣ ወይም ብታለቅስ፣ ወይም ወደ ውስጥ ብትገባ ሽማግሌው ይነቃ ነበር። ግን ያ ሁሉ ጥያቄ ተከታትሎ ሲመጣባት ደነገጠች፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ አፉ የለመደውን ነው የሚናገረው።

«ተናገረ» አለች።

«ምን አለ?»

«እናቴን ሰላም በሉልኝ አለ።»

ዑበይዳ ቃሉን ለራሱ በአፋርኛ ደገመው። ፊቱ በራ። እጇን ይዞ ሳመ፤ ገና የጋአስ ላብ ያልደረቀበትን እጅ። ከዚያ በጎዳናው ወደ ባሕሩ ወረደ። ትሩፋት እጇን ልትታጠብ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ጋአስ በዚያው ቀን፣ እንደ ሃይማኖቱ፣ ሳይውል ሳያድር ተቀበረ። የመስጊድ ሰዎች አጥበው፣ ገንዘው፣ ተሸክመው ወሰዱት። እነሱም በይሉል ድረስ መርዶ ላኩ። ዶክተር ሣህሉ ትሩፋት ያለችውን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ፤ «ምን ነካሽ? ሰው ሞቶ ሳለ እንዲህ ይባላል?» ብለው ተቆጡ፤ ኋላ ደግሞ «በቃ፣ ተልኮላቸዋል፣ ያውቁታል፣ እርሺው» አሏት። እሷም ልትረሳው ሞከረች።

ነገሩ ግን የሚረሳ አልሆነም። በይሉል ሁለት ወሬ ነው የገባው። አንዱ ሞቷል ይላል፤ ያመጡት በጨርቅ የተጠቀለለ ሬሳ ያዩ ሰዎች ናቸው። ሌላው ደህና ነው ይላል፤ ያመጣው ዑበይዳ ነው፣ ዑበይዳ ደግሞ የተቀበለው ውስጥ ከነበረችው ሴት፣ ያውም ከነቃሉ ነው። ሽማግሌዎቹ መከሩና ሞቱን ተቀበሉ። ከዲጋ እንቢ አለች። «ፊቱን ያዩ አይደሉም፣ ጨርቅ ነው ያዩት» አለች። «ሴትዮዋ ፊቱን አይታለች። ሰላም ያለኝን ልጅ ለቅሶ ልቀመጥበት? የተናገረችው ሴት ራሷ ቃሏን ትመልሰው፤ ያን ጊዜ አለቅሳለሁ።» የዑበይዳ ነገር ደግሞ የባሰ ሆነ። ዕድሜውን ሁሉ በእውነተኛ ወሬው ያከበሩት ሰዎች ጀልባው ሲደርስ ዓሣውን ተቀብለው ዝም ብለው ይሄዱ ጀመር። የት ዘነበ ብሎ የሚጠይቀው ጠፋ።

አንድ ቀን ዑበይዳ ከዲጋን ይዟት መጣ። ትሩፋት ቁስል ከምታጥብበት ክፍል በመስኮቱ መዝጊያ ቀዳዳ አየቻቸው። ከዲጋ ቀጭን ረጅም ሴት ናት፣ ጥቁር ሻሽ አድርጋለች። በጀልባ ተሳፍራ ስለማታውቅ ፊቷ ገርጥቷል። ቬራንዳው ላይ፣ ልጇ በገባበት በር ፊት ለፊት፣ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች። ትሩፋት ያን ጊዜ ወጥታ ጉልበቷ ላይ ብትወድቅ ያቺ ሴት ምን ታደርጋት ነበር? ምንም። ግን ሃያ እርምጃ የማይሞላውን መንገድ አልቻለችውም። ዘበኛውን አበጀን ጠርታ «ወደ ደጋ ሄዳለች፣ መቼ እንደምትመለስ አይታወቅም በላቸው» አለችው።

ዶክተሩ ወጥተው ራሳቸው ነገሯቸው። «ሞቷል፤ እኔ እጅ ላይ ነው የሞተው» አሉ። ዑበይዳ ተረጎመላት። ከዲጋ አዳመጠችና «ሐኪሙ ይህን አለ፤ ሴትዮዋ ያን አለች። የመጀመሪያው ቃል የሷ ነው። ስትመጣ ትንገረኝ» አለች። በቅጠል የተጠቀለለ የደረቀ ዓሣ አውጥታ ለአበጀ ሰጠችው። ዑበይዳ አፍሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ተረጎመ። «ለጋአስ ነው» አለ። «ሴትዮዋ የት እንዳለ ታውቃለች፤ ታድርስለት ብላለች።»

ዓሣውን አበጀ ጠብሶ በላው፤ ምን ያድርግ፣ ለሙት አይደርስ። ሽታው ግን ለትሩፋት ከክሊኒኩ አልወጣም። ጠዋት ወለሉን በአሞኒያ ታጥባለች፣ እኩለ ቀን ላይ ሽታው ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ወዲህ ከበሽተኞቹ መካከል አንድ ሰው ትርፍ የሆነ ይመስላት ጀመር። ቬንቲሌተሩ ሥር የተጋደሙትን ስትቆጥር አንድ ይበዛባታል፤ መልሳ ስትቆጥር ልክ ይሆናል። ቬራንዳው ላይም መሳቅ መቀለድ ቀረ። ዘመድ «እንዴት ነው?» ሲላት «ግቡና እዩት» ብላ በሩን መክፈት አመጣች። ዶክተሩ ጫማውን ሳያወልቅ የሚገባውን ሰው እያዩ ይቆጣሉ፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲያ የማንንም ወሬ በአፏ ይዛ መውጣት አልቻለችም።

ወሬው ራሱ ደግሞ እግር አወጣ። በዚያ ባሕር ወደ የመን የሚሻገር ወጣት ብዙ ነው። ዒድ ከሚባለው ወደብ የመጣ አንድ ሰው ጣቱን ሊያሰፋ ገብቶ «እዚህ ታክሞ የዳነው ጋአስ የመን፣ ሞካ ወደብ ጀልባ ላይ ይሠራል አሉ» ብሎ በደስታ ነገራት። ሌላው ማግባቱን ሰምቷል። ትሩፋት አንዴ ያጠበችውን የሰውዬውን ጣት እንደገና አጠበችው። የሞተ ሰው በሷ ቃል ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሚስት አግብቶ ይኖራል። ይህን ማን ሊገድልላት ይችላል? ከሷ በቀር ማንም።

«በሚቀጥለው ጀልባ እሄዳለሁ» ትላለች። ቁስል የሚያጥብ ሰው አይኖርም፣ ትቀራለች። ባሕሩ ይናወጣል፣ ትቀራለች። ምክንያት መቼ ይጠፋል? እንዲህ እያለች ሳለ በዘጠና ዓ.ም. ግንቦት የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተነሣ። የወደቡ ክሬኖች ቆሙ፤ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ሁሉ ፍራሹንና ብረት ድስቱን መኪና ላይ መጫን ያዘ። ዶክተር ሣህሉ ክሊኒኳን ዘግተው ቁልፉን ለቤቱ ባለቤት ሰጡ። ትሩፋት ወደ ባሕሩ ዳር ወርዳ የዑበይዳን ጀልባ ፈለገች። እነሆ ቆርጣ የተነሣችው ያን ቀን ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ ጀልባ አልነበረም። በማግሥቱ ከሰዉ ጋር መኪና ላይ ወጣች። ከኋላቸው ድንበሩ ተዘጋ።

ባቲ እህቷ ቤት አረፈች፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያው አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ ቁስል አጣቢ ሆነች። ሰኞ ሰኞ አፋሮች ግመልና ጨው ይዘው ወደ ገበያው ይወጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽርጥ የታጠቀ ሰው ባየች ቁጥር ትደበቅ ነበር። ኋላ ግን ከቁስለኛ መደበቅ አይቻልም፣ ለመደችው።

አንድ ሰኞ ያዮ የሚባል ግመል ነጂ እሾህ ወግቶት ያመረቀዘ እግሩን ይዞ መጣ። አማርኛ በደንብ ይችላል። እሷ መግሉን ስታወጣ እሱ ሕመሙን ለመርሳት ዳጉ ጀመረ። አውሳ ላይ ዝናብ መጣል አለመጣሉን፣ የትኛው ጎሣ ከየትኛው እንደታረቀ፣ መድፍ የተተኮሰበት በረሃ ውስጥ ፍየል ስለማለቁ። ቀጥሎ ድምፁን ሳይለውጥ እንዲህ አለ፤

«በባሕሩ ዳር፣ በይሉል በሚባል አገር፣ አንዲት እናት አለች። ከዲጋ ትባላለች። ልጇ አሰብ ሊታከም ሄዶ አንዳንዱ ሞቷል፣ አንዳንዱ በሕይወት አለ ይላል። ያየችው ሴት ወደ ኢትዮጵያ ገባች አሉ። እናቲቱ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ይህን ያየሁ አይደለሁም፤ ከአሳይታ ሰው ሰማሁ፣ እሱም ከድንበሩ ማዶ ከመጣ ሰው ሰምቶ ነው።»

ትሩፋት ፋሻውን ይዛ ቆመች። መኪና የማያልፍበትን፣ ወታደር የሚጠብቀውን ድንበር ወሬዋ በእግሩ ተሻግሮ፣ በረሃውን ሁሉ አቋርጦ፣ ባቲ ድረስ ፈልጎ አገኛት። ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም። ዝም ብትል ያዮ እግሩን ጠምጥሞ ይሄዳል።

«ያቺ ሴት እኔ ነኝ» አለች።

ያዮ አልጮኸም፣ አልተቆጣም። እግሩን ከመታጠቢያው ሳሕን አውጥቶ ተስተካክሎ ተቀመጠ።

«ስምሽ?»

«ትሩፋት። የባቲ ልጅ።»

«በዓይንሽ አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ። ሞቷል። ዑበይዳ በሩን ሳያንኳኳ በፊት ሞቷል። ዑበይዳ አልዋሸም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ሳይሞት ምን ተናገረ?»

ስንት ጊዜ የሸሸችው ጥያቄ ነው! ግን ታስታውሰዋለች፤ መርፌው ከመግባቱ በፊት ትከሻውን ስትይዘው ያለው ነገር ከጆሮዋ ወጥቶ አያውቅም። «ዛሬ ጀልባውን ለዑበይዳ ማን ይገፋለታል? አለ። ሌላ ምንም አላለም።»

ያዮ አንድ በአንድ ደገመው። ጨርሳ ጠመጠመችለት፤ ተነሥቶ ዱላውን ይዞ ወጣ። ትሩፋት በዚያች ቀን ሥራ አልሠራችም፤ እህቷ ቤት ገብታ ግድግዳውን እያየች ዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ አልነገር ብሎ አንገቷን ያነቃት ነገር እሾህ ከማውጣት ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀው። ያ ነው ይበልጥ ያስለቀሳት።

በጋው አለፈ። የበልግ ዝናብ ባቲን አርሶ ካባራ በኋላ ያዮ ተመልሶ መጣ። እግሩ ድኗል። ገበያው መካከል፣ ሽንኩርት ስትገዛ አገኛት። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ከዚያ ቆሞ፣ ሰዉ በግራና በቀኝ እየተጋፋ ሲያልፍ፣ ሳያለዝብ ሳያከብድ ወሬውን ሰጣት።

«ቃልሽ ደርሷል። ከዲጋ ሰምታለች። ለቅሶ ተቀመጠች፣ በይሉልም አብሮ ተቀመጠ። ዑበይዳ የጋአስን ቃል ሲሰማ ወደ ውሃው ወርዶ ብቻውን ዋለ አሉ። አሁን ግን ሰው አብሮት ይቀመጣል፤ የት ዘነበ ይለዋል።»

ትሩፋት ሽንኩርቱን የያዘችበትን ዘንቢል መሬት አስቀመጠች። «እግዜር ይስጥህ» ልትለው ነበር። ያዮ እጁን አነሣ።

«አልጨረስኩም። ከዲጋ ጥያቄ ልካለች፤ መልሱን ሳልይዝ አልሄድም። እንዲህ ብላለች፦ ልጄ ካልሆነ፣ ሰላም ያለኝ ማን ነው? ሁለት ዓመት ጠዋት ስነሣ መልሼ ሰላም የምለው ለማን ነበር?»

ትሩፋት አፏን ከፈተች። የመጣላት ነገር ደግ ነበር፤ በአፉ ባይልም በልቡ ብሎሻል፣ ጊዜ ቢያገኝ ኖሮ ይልሽ ነበር በላት ልትል ነው። ምላሷ ጫፍ ደርሶ ጣፈጣት። በሽተኛው ቁስሉን እንዳያይ በጨርቅ እንደምትሸፍን ሁሉ፣ ይህም ትንሽ ጨርቅ ነበር። ያዮ ፊቷን አያይም ነበር፤ ቃሏን ለመያዝ ጆሮውን አዘንብሎ ይጠብቃል። ቃሏ ምንም ይሁን ምን፣ ያንኑ ይዞ ያን ሁሉ በረሃ በእግሩ እንደሚሄድ አወቀች። አፏን ዘጋች። እንባዋ መጣ።

«ማንም አይደለም በላት» አለች። «እኔ ነኝ። እሷን ፈርቼ ነው።»

ያዮ ደገመው። «ማንም አይደለም። ትሩፋት ናት። ከዲጋን ፈርታ ነው።» ልክ መሆኑን እንድታረጋግጥለት አያት። ትሩፋት ራሷን ነቀነቀች። እሱም ግመሉን አስነሥቶ ወደ ቆላው መንገድ ወረደ።